የጉዞ ሲም፦ የድሮ ቁጥራችሁን ሳያስነሳ ዳታ የሚሰጣችሁ የቱ ነው?

ቤተሰባችን ውስጥ ሰው ወደ ውጭ ሊሄድ ሲል ቪዛው እንደተመታ ወደ እኔ ይደወላል። "የትኛውን ሲም ልያዝ?" ነው ጥያቄው። ስራዬ ከአገር አገር የሚያዞር ስለሆነ የአየር ማረፊያውን ሲም ካርድም፣ በመተግበሪያ የሚገዛውንና ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ የሚጫነውን ኢሲምም፣ የአገር ቤቱን ሲም በውጭ ኔትወርክ የሚያሰራውን ሮሚንግም በደንብ አውቃቸዋለሁ። ሦስቱም ሰው ሲያሳርፉ አይቻለሁ። ሦስቱም ሰው ሲያማርሩ አይቻለሁ። የማውቀውን አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ማስታወቂያዎቹ የሚያወሩት ስለ ጂቢ ነው። "20 ጂቢ"፣ "50 ጂቢ"፣ "ያልተገደበ"። እኔ መጀመሪያ የማየው ግን ከአገር ይዤው የወጣሁት ቁጥር ምን እንደሚሆን ነው። ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው ወደዚያ ቁጥር ነው። ኢሜይሉም፣ ቴሌግራሙም፣ የአየር መንገዱ መልእክትም የተያያዘው ከእሱ ጋር ነው። ሆቴል ላይ ክፍያው አልሄድ ብሎ ባንኩ ኮድ ሲልክላችሁ፣ ኮዱ የሚመጣበት ሲም ሻንጣ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልሎ ከተቀመጠ 50 ጂቢ ምን ያደርግላችኋል? ስለዚህ ለእኔ ጥሩ የጉዞ ሲም ማለት የድሮውን ሲም ከቦታው ሳያስነሳ ዳታ የሚሰጠኝ ነው። ዋጋው፣ ፍጥነቱ፣ ጂቢው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ይህ ደግሞ ከሲሙ በፊት ስልኩን ማየት ይጠይቃል። ስልካችሁ ሁለት የሲም ቦታ አለው? ኢሲምስ ይቀበላል? መደወያው ላይ *#06# ብላችሁ ጻፉ። 15 አሃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር፣ አይኤምኢአይ፣ ይመጣል። ከእሱ ጋር ኢአይዲ የሚል 32 አሃዝ ያለው ረጅም ቁጥር ከመጣ ስልኩ ኢሲም አለው ማለት ነው። አይፎን ላይ ኢሲም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጡት ኤክስኤስ እና ኤክስአር ነው። ነገር ግን በሞዴል ስም ብቻ አትተማመኑ። አንድ ዓይነት ስልክ እንደተሸጠበት አገር ይለያያል። ለአሜሪካ ገበያ የተሰራው አይፎን 14 እና ከእሱ በኋላ የመጡት የፕላስቲክ ሲም ማስገቢያ ጭራሽ የላቸውም። ለዋናው ቻይና የተሰሩት ብዙዎቹ አይፎኖች ደግሞ ሁለት የፕላስቲክ ሲም ይይዛሉ እንጂ ኢሲም አይቀበሉም። ያገለገለ ስልክ የገዛ ሰው ይህንን ሳያይ መንገድ ባይጀምር ይሻላል።

ሌላው መቆለፉ ነው። በኩባንያ ውል የተሸጠ ስልክ የሌላ ኩባንያ ሲም አልቀበልም ሊል ይችላል። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ጄነራል፣ ከዚያ አባውት ግቡና ወደ ታች ውረዱ። "ካሪየር ሎክ" በሚለው አጠገብ "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ካለ ነፃ ነው። አንድሮይድ ከሆነ የጓደኛችሁን የሌላ ኩባንያ ሲም ለአንድ ደቂቃ አስገብታችሁ ሞክሩ። ከዚህ የሚበልጥ ማረጋገጫ የለም። ስልኩ ተቆልፎ ከሆነ አየር ማረፊያ ላይ የሚፈታላችሁ ሰው አታገኙም። ማስከፈቻው የሸጠው ኩባንያ ጋር ነው፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር እዩ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የ3ጂ ኔትወርካቸውን ዘግተዋል። ጥሪም የሚሄደው በ4ጂ ላይ ነው። ስልካችሁ ቮልቲኢ የሚባለውን በ4ጂ የመደወያ ዘዴ በዚያ ኩባንያ ኔትወርክ ላይ ካልደገፈ ዳታው እየሰራ ጥሪው እምቢ ሊል ይችላል። የቆየ ስልክ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሲሞቹ።

የአየር ማረፊያ ሲም የብዙ ሰው ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ሰው ፊት ለፊት ታገኛላችሁ። ፓስፖርት ትሰጣላችሁ፣ ልጁ ይቀርጸዋል፣ በቀጭን መርፌ የስልኩን ጎን ወጋ ያደርግና ትንሿን መሳቢያ ይስባታል። እዚህ ጋ ዓይናችሁን ከእጁ ላይ አታንሱ። ናኖ ሲም የሚባለው ርዝመቱ 12.3፣ ስፋቱ 8.8 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ባንኮኒው ላይ ወድቆ ከወረቀት ስር ቢገባ ማንም አያየውም። ጥሩ ሻጭ የድሮውን ሲም አዲሱ ሲም በመጣበት ፕላስቲክ ላይ በፕላስተር ለጥፎ ይሰጣችኋል። ካልለጠፈ እናንተ ጠይቁት። ሁለት ቦታ ያለው ስልክ ከያዛችሁ ግን "የድሮውን አትንቀልብኝ፣ ሁለተኛው ላይ አድርግልኝ" በሉት። ብዙ ሻጮች ስለቸኮሉ የተገኘውን ነቅለው አዲሱን ይተካሉ።

ያንን ፕላስቲክ ካርድም አትጣሉት። ፒኑና ፒዩኬው እሱ ላይ ነው የተጻፈው። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ፒን ከጠየቃችሁና ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ይቆለፋል። ከዚያ የሚከፍተው ፒዩኬ ነው። እሱንም አስር ጊዜ ከሳታችሁ ሲሙ ሞተ፤ አዲስ መግዛት ነው።

ከባንኮኒው ሳትርቁ ሞክሩት። ዋይፋዩን አጥፉ፣ ካርታ ክፈቱ፣ ለሻጩ ስልክ ደውሉ። ሻጩ "በአስር ደቂቃ ይነሳል" ካላችሁ አስር ደቂቃ ቁሙ። በሩን ከወጣችሁ በኋላ መመለሱ ቀላል አይደለም። ይህንን የምለው ደጋግሞ ስለጠቀመኝ ነው። አንድ አየር ማረፊያ ላይ የተሸጠልኝ ጥቅል ሙሉ በሙሉ አልተሞላም ነበር። እዚያው ቆሜ ቀሪ ሂሳቡን ስላየሁ ልጁ ያለ ክርክር አስተካከለልኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ባውቀው ኖሮ ማን ይሰማኝ ነበር?

የአገሩ ሲም ትልቁ ጥቅም የአገሩ ቁጥር ነው። የታክሲ መተግበሪያ ላይ ሹፌሩ ይደውልላችኋል። ያከራያችሁ ሰው ይደውልላችኋል። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲያስይዙ ቁጥር ይጠይቃሉ። ለሳምንታት የሚቆይ ሰው፣ በተለይ ተማሪ፣ ያለ አገሩ ቁጥር ኑሮው አይገፋም። ፍጥነቱም ጥሩ ነው፤ ዳታው በሌላ አገር ሳይዞር በቀጥታ ይሄዳል። ዋጋው አየር ማረፊያ ላይ ከከተማው ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ቢሆንም የመጀመሪያውን ቀን ያለ ስልክ ከመንከራተት እዚያው ትንሹን ጥቅል መግዛትና ከተማ ገብቶ መሙላት ይሻላል ባይ ነኝ።

ምዝገባው ከአገር አገር ይለያያል። ብሪታንያ ውስጥ የቅድመ ክፍያ ሲም ያለ መታወቂያ ከሱፐርማርኬት ታነሳላችሁ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ማንነት ሳይረጋገጥ የቅድመ ክፍያ ሲም አይከፈትም። ሳውዲ አሻራ ይጠየቃል። ጃፓን ለጎብኚ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሲሞች ዳታ ብቻ ናቸው፤ መደወያ ቁጥር የላቸውም። ቱርክ ደግሞ ሌላ ነው። ከውጭ የገባ ስልክ በቱርክ ሲም የሚሰራው ለ120 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ካልተመዘገበ ከኔትወርክ ይወጣል፣ ምዝገባውም ክፍያ አለው። ለአጭር ጉብኝት ምንም አይደለም። ለትምህርት የሚሄድ ሰው ግን ከመሄዱ በፊት ሊያስብበት ይገባል።

ሲሙ ላይ የተጻፈው ስምም ሁሌ የኔትወርኩ ባለቤት ስም አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ ጊፍጋፍ የሚሰራው በኦቱ ኔትወርክ ላይ ነው፤ ቮክሲ በቮዳፎን ላይ። እንዲህ ያሉት ርካሽ ናቸው፤ ለከተማ ሰው ይበቃሉ። እኔ የምጠይቀው "ከጀርባው ያለው ኔትወርክ እኔ በምሄድበት ሰፈር ይደርሳል ወይ?" ብዬ ነው። የኔትወርክ ካርታቸውን ድረ ገጻቸው ላይ አውጥተውታል። የምታርፉበትን አድራሻ ጻፉና እዩ። ገጠር ለሚወጣ ሰው ሁለት ደቂቃ የምትፈጀው ይህች ፍተሻ ከማንኛውም ቅናሽ ትበልጣለች።

አውሮፓ ውስጥ ብዙ አገር ለምትዞሩ አንድ ደስ የሚል ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. ከጁን 2017 ጀምሮ በአንዱ የአውሮፓ ህብረት አገር የገዛችሁት ሲም በሌሎቹም ያለ ተጨማሪ የሮሚንግ ክፍያ ይሰራል። ሕጉ እ.ኤ.አ. እስከ 2032 ተራዝሟል። ኖርዌይ፣ አይስላንድና ሊክተንስታይንም አሉበት። ስዊዘርላንድ ግን የለችም። በባቡር ከጣሊያን ወደ ዙሪክ ስትገቡ ስልኩ ራሱ የስዊስ ኔትወርክ ይይዝና ሂሳቡ ሊበላ ይችላል። ብሪታንያም ከህብረቱ ከወጣች ወዲህ ሕጉ አይገዛትም፤ እንደ ኩባንያው ነው። ደግሞ "100 ጂቢ" የሚለው ጥቅል ከገዛችሁበት አገር ውጭ ስትወጡ ሊያንስ ይችላል፤ ሕጉ ራሱ ለዚያ በር ትቷል። በሮሚንግ ስንት ጂቢ እንደሆነ ለብቻው ጠይቁ።

ኢሲም በእኔ መለኪያ የመጀመሪያው ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ የድሮውን ሲም አይነካውም። ኤራሎ፣ ሆላፍላይ፣ ኖማድ፣ ሴይሊ ከሚባሉት መተግበሪያዎች በአንዱ አገሩን ትመርጣላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ስልኩ ውስጥ ይጫናል። መርፌ የለም፣ መሳቢያ የለም። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ኔትወርክ ይይዛል። ለመጫን ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ በዋይፋይ ጫኑት። ጊዜው መቼ መቆጠር እንደሚጀምር አስቀድማችሁ አንብቡ። አንዳንዱ የሚጀምረው መድረሻ አገር ኔትወርክ ሲይዝ ነው፣ አንዳንዱ ግን ገና ሲጫን።

ከተጫነ በኋላ ሰው የሚደናገርበት ቦታ አለ፤ ቀስ ብዬ ልናገረው። ስልኩ ላይ አሁን ሁለት መስመር አለ። የድሮው መስመር ላይ ዳታ ሮሚንግ መጥፋት አለበት። የጉዞው ኢሲም ላይ ግን ዳታ ሮሚንግ መብራት አለበት። አዎ፣ መብራት። ሁላችንም "ውጭ ስትሄድ ሮሚንግ አጥፋ" እየተባልን ስላደግን ብዙ ሰው ሁለቱንም ያጠፋና "ኢሲሙ አይሰራም" ይላል። እነዚህ ኢሲሞች ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ኩባንያ መስመሮች ናቸው። በምትሄዱበት አገር ራሳቸው እንግዳ ስለሆኑ ያለ ሮሚንግ አይሰሩም። አይፎን ላይ ደግሞ "አላው ሴሉላር ዳታ ስዊቺንግ" የሚል አለ። እሱን አጥፉት። ካልጠፋ፣ የድሮው መስመር ሮሚንግ በርቶ ከሆነ ስልኩ ወደ ድሮው መስመር ዳታ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ ሂሳብ ይመጣል። ዋትሳፕ "ቁጥር ልቀይር?" ካላችሁ የድሮውን እንዲያቆየው አድርጉ።

የሌላ አገር መስመር መሆኑ ሌላም ነገር ያመጣል። ዳታችሁ ብዙ ጊዜ የሚዞረው በሲሙ አገር ነው። ድረ ገጽ ለመክፈት ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፤ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ይሰማችኋል። አንዳንድ የባንክ መተግበሪያም ሌላ አገር ያላችሁ ይመስለውና ጥያቄ ያበዛል። በሌላ በኩል ቻይና ለሚሄድ ሰው ይህ ጥቅም ነው። ጉግልና ዋትሳፕ በአገሩ ሲም ዝግ ናቸው፤ በውጭ ሲም ሮሚንግ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታሉ።

ኢሲም ላይ የምከፋበት "ያልተገደበ" የሚለው ቃል ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ሻጭ ያልተገደበ ብሎ ሸጠልኝ። ከሰዓት በኋላ ላይ ስልኩ ካርታ እንኳን መጫን አቃተው። ስጠይቃቸው በየቀኑ ሙሉ ፍጥነት የሚሰጠው ለተወሰነ ዳታ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይቀንሳል አሉኝ። ገጹ ላይ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ሕጋዊ ነው ቢሉም ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሰው በማያውቀው ከተማ መንገድ የሚፈልገው በስልኩ ነው፤ ማታ ላይ ያንን የሚነሳ ነገር ያልተገደበ ሊባል አይገባም። ስለዚህ ያልተገደበ ስትገዙ "በቀን ስንት ጂቢ በሙሉ ፍጥነት? ከዚያ ወደ ስንት ይወርዳል? ሆትስፖት ይፈቅዳል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ልኩ የታወቀውን 5 ወይም 10 ጂቢ ውሰዱ። ለካርታ፣ ለመልእክትና ለድምፅ ጥሪ ብዙ አይሄድም። የሚበላው ቪዲዮ ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ በከፍተኛ ጥራት በሰዓት እስከ 3 ጂቢ ይወስዳል ይላል። የፎቶ ማስቀመጫውንና የመተግበሪያ ማደሻውን በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ካደረጋችሁ ትንሹ ጥቅል ይገርማችኋል።

የራስን ሲም በሮሚንግ መጠቀም ዋጋው ብዙ ጊዜ ከባድ ነው። ለአንድ ሌሊት መሸጋገሪያ ካልሆነ ለዳታ አልመርጠውም። ለቁጥሩ ግን ያስፈልጋል። ከመውጣታችሁ በፊት ሮሚንግ አገልግሎቱ መከፈቱን ኩባንያችሁን ጠይቁ፤ የቅድመ ክፍያ መስመር ላይ አንዳንዴ በጥያቄ ነው የሚከፈተው። ትንሽ ሂሳብም ይኑረው። አጭር መልእክት መቀበል ብዙ ቦታ ነፃ ነው። የገባ ጥሪ ማንሳት ግን ብዙ ጊዜ ይከፈልበታል፤ ስለዚህ አታንሱ፣ በዋትሳፕ መልሱ።

አክስቴ ልጃቸውን ሊጠይቁ ዱባይ ሲሄዱ ይህ ሁሉ አንድ ላይ መጣ። "ልጄ፣ እኔ ኢንተርኔት ምናምን አላውቅም፣ ድምፃችሁን ልስማ ብቻ" አሉኝ። የእሳቸው ስልክ ኢሲም የለውም፤ ሁለት የሲም ቦታ ግን አለው። ስለዚህ የድሮው ባለበት ቀርቶ የአገሩ ሲም ሁለተኛው ላይ ገባ። ችግሩ ሌላ ነበር። ኤምሬትስ ውስጥ በአገሩ ኔትወርክ የዋትሳፕ ጥሪ አይሄድም፤ መልእክቱ ይሄዳል፣ ጥሪው ታግዷል። ፈቃድ ካላቸው የጥሪ መተግበሪያዎች አንዱ ቦቲም የሚባለው ነው። እሳቸው ከመሄዳቸው በፊት ቦቲምን በእሳቸውም በእኛም ስልክ ጫንን፣ እዚሁ ሳሎን ተቀምጠን ከክፍል ክፍል እየተደዋወልን አለማመድናቸው። የእኔን ፎቶ ነክተው ሲደውሉ ስልኬ ጮኸ። "እህ! ይሄ ነው እንዴ?" አሉ። በደረሱ ማግስት ራሳቸው ደወሉ። ለእሳቸው ከማንኛውም ጂቢ የበለጠው ይህ ዝግጅት ነበር።

የእኔን ምርጫ ለሚጠይቀኝ፦ ስልኩ ኢሲም ካለውና ጉዞው አጭር ከሆነ፣ ወይም በአንድ ዙር ብዙ አገር ከሆነ፣ ኢሲም። ከሁለት ሳምንት በላይ አንድ አገር ለሚቀመጥ መጀመሪያ ትንሽ ኢሲም፣ ከዚያ ተረጋግቶ ከተማ ውስጥ የአገሩን ሲም። ስልኩ አንድ ቦታ ብቻ ካለው ደግሞ የአገሩን ሲም ከመግዛቱ በፊት ባንኩን "ኮዱን በመተግበሪያ ወይም በኢሜይል ልቀበል?" ብሎ ይጠይቅ። ባንኩ አይሆንም ካለ፣ የቆየች ተራ ስልክ ይዞ የድሮውን ሲም እሷ ውስጥ ያድርግ። ባትሪዋ ለቀናት ይቆያል፤ እንደ አሜሪካ የቆየው ኔትወርክ ካልተዘጋባት ኮድ መቀበል ትችላለች።

ስትመለሱም የሚደረግ አለ። የአገሩን ሲም ከመጣላችሁ በፊት በዚያ ቁጥር የከፈታችሁትን ሁሉ ወደ ዋናው ቁጥራችሁ አዛውሩ። የታክሲ መተግበሪያ፣ ቴሌግራም፣ የባንክ ሂሳብ ከሆነም። ያልተሞላ የቅድመ ክፍያ ቁጥር ከጊዜ በኋላ ይዘጋና ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ኮዱም ለዚያ ሰው ይደርሳል። ኢሲሙን ደግሞ ቀሪ ዳታ ካለውና ተመልሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ አታጥፉት፤ መስመሩን ብቻ ዝጉት። ብዙዎቹ አንዴ ከስልኩ ከተሰረዙ በዚያው ኪውአር ኮድ ዳግመኛ አይጫኑም።